ለቁስቋም የደረሰ አበባ

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ ግድግዳው ድንጋይ ክዳኑ ሣር በሆነ ቤት ውስጥ ነበር። ማታ ማታ ምድጃውን ከበን ስንቀመጥ ዓይናችን በኩበቱ ጢስ ይቀላል፣ ፊታችን በፍሙ ይጋላል፣ ጀርባችን ግን ቀዝቅዞ ይደርቃል፤ የመንዝን ብርድ የቀመሰ ሰው ይህን ስል ይገባዋል። ያኔ መብራት ገና አልገባልንም። በፀሐይ የምትሞላ አንዲት ትንሽ ፋኖስ ነበረችን፣ እሷም ቀኑ ደመና ሆኖ ከዋለ ስለምታኮርፍ የምንተያየው ባብዛኛው በፍሙ ብርሃን ነበር። በዚያ ፍም ፊት ተረት የሚነግሩን እትዬ ጌጤ ነበሩ።

እትዬ ጌጤ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። በኮረዳነታቸው አዲስ አበባ ሄደው፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ወጥ ሲሠሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ወንድማቸው ቤት ተመለሱ። ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣ ልጅ ምን እንደሚጠብቅ የታወቀ ነው። እኔ ጫማ ጠብቄ ነበር፣ ታናሽ ወንድሜ ኳስ። እሳቸው ከሚኒባሱ ጣሪያ ያስወረዱት ግን በአንድ ማዳበሪያ የታሰረ ጓዝ ብቻ ነበር። እናቴ ፈትታ ስታየው ሽንኩርት የሚመስል ራስ ራሱ የሆነ ነገር፣ ከሥሩ ደግሞ በጨርቅ የተቋጠረ ዘር ሆኖ አገኘችው።

«እትዬ፣ ሽንኩርት እኮ እዚህም ሞልቷል» አለቻቸው።

«ይሄ አይበላም። አበባ ነው» አሉ እትዬ ጌጤ።

እናቴ ማዳበሪያውን መልሳ አሰረችው። ወሬው ግን እዚያው ታስሮ አልቀረም። ጌጤ ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታ የማይበላ ሽንኩርት ይዛ መጣች ተብሎ ሳይመሽ ሰፈሩን አዳረሰው። እኔም ጫማዬ በመቅረቱ አኩርፌ ስለነበር ወሬውን ሰምቼ ደስ ሳይለኝ አልቀረም።

በእኛ ደብር አንድ ልማድ አለ። ከመስከረም መጨረሻ አንስቶ እስከ ኅዳር ቁስቋም ባለው የጽጌ ወራት ካህናቱ በየሳምንቱ ማኅሌት ይቆማሉ፣ ምእመኑም ተራ ገብቶ ጠበል ጸዲቅ ያቀርብላቸዋል። ተረኛ የሆነ ቤት ከዳቦውና ከጠላው ጋር አበባ ይዞ ይሄዳል፤ አበባው ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ይቀመጣል። የመጀመሪያዎቹ ተረኞች ምን ቸገራቸው፣ አገሩ ሁሉ አደይ ስለሆነ ልጆቻቸውን ልከው በእቅፍ በእቅፍ ያስለቅማሉ። የእኛ ቤት ተራ ግን ከአያቴ ዘመን ጀምሮ የመጨረሻው ነበር። ቁስቋም ሲደርስ አደዩ ረግፏል፣ ገብሱ ለአጨዳ ቀርቧል፣ ሜዳውን ደግሞ ውርጭ ጠብሶታል፤ በዚያ ሁሉ አገር አንዲት አበባ ብትፈለግ አትገኝም። ስለዚህ አባቴ በየዓመቱ መሐል ሜዳ ገበያ ሄዶ የላስቲክ አበባ ይገዛ ነበር።

አባቴ በእርሻውም ሆነ በበጎቹ የማይታማ ሰው ነው። ያችን ዕለት ግን አይወዳትም ነበር። የላስቲኩን አበባ በጋቢው ሸፍኖ፣ ሰው ሳያየው ለማስቀመጥ እየተቻኮለ ይገባል። አንድ ዓመት አንዱ ቀልደኛ ጎረቤት ከኋላው ሆኖ «የእናንተ አበባ ዘንድሮም አልጠወለገም» ብሎት ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም አብሮ ሳቀ፤ ቤት ሲገባ ግን ራት አልበላም።

እትዬ ጌጤ ይህን የሰሙት ከእናቴ ነው። በማግሥቱ ማታ አባቴን «ዘንድሮ ላስቲክ እንዳትገዛ። የቁስቋሙን አበባ እኔ አደርስልሃለሁ» አሉት።

«በመንዝ? በኅዳር?»

«በመንዝ፣ በኅዳር። አንተ ብቻ መሬት ስጠኝ።»

አባቴ ፍሙን እየቆሰቆሰ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን የእናቴን የነጭ ሽንኩርት መደብ ሰጣቸው፤ ካልሆነ ግን መደቡ ወደ ሽንኩርቱ እንደሚመለስ፣ በሰው ፊትም እንዳያሳፍሩት አስጠነቀቀ። ለእሳቸው ያች መደብ ምን እንደነበረች ያኔ አልገባኝም። በወንድም ቤት የሰው እጅ እያዩ መኖርና የራሴ የሚሉት ነገር ይዞ መኖር ምን ያህል እንደሚራራቁ የገባኝ እኔም በሰው ቤት ተጠግቼ ከተማርኩ በኋላ ነው። እትዬ ጌጤ ያን ዓመት ያስያዙት አበባውን ብቻ አልነበረም፣ በዚያ ቤት የሚኖራቸውን ቦታም ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ተከልን። አፈሩን አለስልሰው፣ ዘሩን በግድግዳው ሥር ሥር በትነው፣ ሽንኩርት መሳዩን ለእኔና ለወንድሜ ሰጡን። እሳቸው ሊሊ ይሉታል፣ እናቴ ግን እስከ መጨረሻው «ያ ሽንኩርት» ከማለት አልተመለሰችም። ወንድሜ ሥሩን ወደ ላይ፣ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ሲተክል አዩትና «ተገልብጦ የተተከለ አበባ የሚያብበው ለፍልፈል ነው» አሉት። ወንድሜ ደነገጠ፤ ፍልፈሉ ማን እንደሆነ ካልነገሩኝ አልተክልም ብሎ ቁጭ አለ። የፍልፈሉ ተረት የጀመረው እንዲህ ነው።

ተረቱ የሚነገረው ማታ፣ እጃችንን ከጭቃው ታጥበን ምድጃው ዙሪያ ስንሰበሰብ ነበር። ፍልፈል ከመሬት በታች ስለሚኖር ሰርግ የሚጠራው የለም፣ ልቅሶም የሚነግረው የለም። አንድ በጋ ርቦት ሲቆፍር አንድ ክብ ነገር አገኘና ሊገምጠው አፉን ሲከፍት «ቆይ» አለው። «ማን ነህ?» «አበባ ነኝ።» «አበባ ምንድን ነው?» «አሁን ብነግርህ አይገባህም፤ መስከረም ሲጠባ ወደ ላይ ወጥተህ እይ።» ፍልፈሉ አሰበ። ረሃቡ አሁን ነው፣ መስከረም ደግሞ ሩቅ ነው። እዚህ ላይ እትዬ ጌጤ ጋቢያቸውን ሰብስበው «በሉ ተኙ» ይሉናል።

እንዲህ እያሉ ከርመው ከርመው አላስጨረሱንም። አንድ ማታ ፍልፈሉ ረሃቡን ለመርሳት ከጉንዳን ጋር ወሬ ሲይዝ ያመሻል፤ ሌላ ማታ ጃርት መጥታ «አንተ ካልበላኸው እኔ ልብላው» ትላለች፤ እሱም በጉድጓዱ አፍ ላይ ተኝቶ በጀርባው ይከላከላል። አባቴ የልጅ ተረት አልሰማም ባይ ስለነበር ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ጅራፍ ይገምድ ነበር። ጃርቷ በመጣች ማታ ግን እጁ ቆሞ እንደነበረ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ጅራፍ ክረምቱን ሙሉ አላለቀም።

አበባውም አላሳፈረንም። መስከረም ላይ በዘር የተዘራው በግድግዳው ሥር ቀይና ቢጫ ሆኖ ፈነዳ፣ ሊሊው ደግሞ እያደረ ረዘመ። መንገደኛ በደጃችን ሲያልፍ እርምጃውን ይቀንስ ጀመር። እትዬ ጌጤ አመሻሽ ላይ ጣሳ ይዘው እየዞሩ ቅጠሉን ከላይ እስከ ታች ውሃ ያጠጡታል። እናቴ አንድ ቀን «እትዬ፣ በዚህ ብርድ ማታ ውሃ?» ብትላቸው «አበባ የሚጠጣው ማታ ነው፣ የአዲስ አበባው አትክልተኛ እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አሏት። እዚያ ብዙ ከመኖራቸው የተነሳ የተወለዱበት አገር ብርድ ከአእምሮአቸው ወጥቶ ነበር። አባቴም ቆሞ ያያል፣ አንድ ቃል አይተነፍስም።

ቁስቋም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ውርጩ ወረደ። ጠዋት በሩን ስንከፍት ማታ የጠጣው ቅጠል ሁሉ በረዶ ለብሶ ያበራል። እኔ እንዲያውም ያማረ መስሎኝ ነበር። ፀሐይዋ ስትወጣ ግን ጠቁሮ፣ የተቀቀለ ጎመን መስሎ መሬት ላይ ተኛ። እትዬ ጌጤ መደቡ ዳር ቁጭ ብለው አንዱን ግንድ ቀና ያደርጉታል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ቀና ያደርጉታል። አባቴ በቅሎውን ጭኖ መሐል ሜዳ ሄደ። ለምን እንደሄደ ማንም አልጠየቀውም።

ያን ዓመት የላስቲኩ አበባ እንደገና ከሥዕሉ ሥር ተቀመጠ። ስለ ማይበላው ሽንኩርት ያልተባለ ነገር የለም። እትዬ ጌጤም ተረቱን ተዉት። ማታ ማታ ምድጃው ዙሪያ የሚሰማው የኩበቱ መንጣጣት ብቻ ሆነ፤ ወንድሜ አንዴ «ፍልፈሉ…» ብሎ ሲጀምር እናቴ በዓይኗ ተቆጣችው። ከቀናት በኋላ እትዬ ጌጤ ልብሳቸውን በነጠላ ቋጥረው በሩ አጠገብ አስቀመጡ። የድሮ አሠሪዎቼ ማደሪያ አይከለክሉኝም፣ ነገ በጠዋቱ ሚኒባስ እሄዳለሁ አሉ። እናቴ አለቀሰች። አባቴ ግን ያን የማያልቅ ጅራፉን ይገምዳል።

ጥቂት ቆይቶ ቀና ሳይል «እትዬ» አለ።

«አቤት።»

«ፍልፈሉስ ምን ሆነ?»

እትዬ ጌጤ ፍሙን እያዩ «እሱማ የሚያልቀው መስከረም ሲጠባ ነው» አሉ።

«እንግዲያው እስከ መስከረም ቆዪያ» አለ አባቴ። «እናንተም ተኙ፣ ምን ታፈጣላችሁ?»

በማግሥቱ ሚኒባሱ ያለ እትዬ ጌጤ ሄደ። አባቴ ዶማ ይዞ ወደ መደቡ ሲወጣ ሽንኩርት ሊተክል መስሎን ተከተልነው። እሱ ግን በጥንቃቄ ቆፍሮ አንዱን የሊሊ ራስ አወጣ፣ በጣቱ ጫን ጫን አደረገው፣ ከዚያም ለእህቱ ሰጣቸው። ጠንካራ ነበር። ከላይ ያለው ተቃጠለ እንጂ ከታች ያለውን ውርጩ አልነካውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት ሳስበው ደረቴ ይነፋል። አባቴ ለእትዬ ጌጤ የአገራቸውን ብርድ እንደ አዲስ አስተማራቸው። ውሃው ጠዋት፣ ያውም ሥሩ ላይ ብቻ ሆነ። ሊሊውን ቀን ሙሉ ፀሐይ ወደሚመታው የድንጋይ ግድግዳ አስጠጋው፣ ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻልና። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ድንገት ቀጥ ካለ ውርጭ እንደሚወርድ፣ ደመና ካለ ግን ተኝቶ ማደር እንደሚቻል ነገራቸው። እትዬ ጌጤም እንደ ተማሪ ያዳምጡታል፤ አንዳንዴ ደግሞ «ይህን ሁሉ እያወቅህ አምና ዝም አልከኝ» ብለው በነገር ይወጉታል። አባቴ ጆሮውን ያክካል።

መሸፈኛውን ያገኘነው እኔና ወንድሜ ነን፤ ይህን ለማንም አልሰጥም። ጥቅምት ሲገባ ዝናቡ ስለሚያበቃ ክረምቱን ሰው የሚለብሰው የሣር ገሳ በየቤቱ ጥግ ተሰቅሎ ሥራ ይፈታል። ከየጎረቤቱ እየለመንን ሰበሰብነውና ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል በየአበባው ላይ ደፋነው። ከሩቅ ለሚያይ በደጃችን ሰዎች ተኮልኩለው የተቀመጡ ይመስል ነበር። አንድ ሽማግሌ ሲመሽ በመንገዱ ሲያልፉ ኮፍያቸውን አንሥተው «እንደምን አመሻችሁ» ብለዋቸው፣ መልስ ሲያጡም ስለ ዘመኑ ልጆች ስድነት እያጉረመረሙ ሄዱ። እትዬ ጌጤ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ያኔ የቤታችን ሕግ ገሳው ሳይደፋ ተረት የለም የሚል ሆነ። አበባው ሲሸፈን እኛም ምድጃው ጋ እንሰበሰባለን፣ ተረቱ ይቀጥላል። ፍልፈሉ በመጨረሻ ወደ ላይ ወጣ። ዓይኑ ግን ብርሃን አይችልምና ምንም አላየም። በጓን ቢጠይቃት «ይጣፍጣል» አለችው፣ ንቧን ቢጠይቃት «ቀለብ ነው» አለችው። ፍልፈሉ አዝኖ ሊመለስ ሲል ነፋስ መጣና ሽታውን አመጣለት። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ተቆጣ፤ ያን ያህል ተርቦ የጠበቀው ለሽታ ብቻ ከሆነ ፍልፈሉ ተታሏል አለ። አባቴ ከበሩ አጠገብ ሆኖ «አልተታለለም» አለ። «ያላየውን ነገር አምኖ ያቆየ እሱ ነው። ከላይ ያሉት ያገኙት በእሱ ነው።» ይህን ብሎ ድምፁ ለራሱ ከፍ ስላለበት መሰለኝ ተነሥቶ በጎቹን ሊያይ ወጣ።

የቁስቋም ዋዜማ አመሻሽ ላይ ሰማዩ እንደ መስታወት ጠራ፣ ነፋሱም ቀጥ አለ። ገሳዎቹን ስንደፋ ግን ከግድግዳው ጥግ ያሉት ሊሊዎች፣ ከሁሉም ያማሩት፣ ከገሳው በላይ ረዝመው አገኘናቸው። ቢጫኑ ይሰበራሉ። እናቴ ነጠላ አመጣች፤ ሳስቶ ታየን። እትዬ ጌጤ ሁለት እጃቸውን አጣምረው ቆሙ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይሰማም። አባቴ ከጋጣው ሲመለስ አየን፣ ሰማዩን አየ፣ ከዚያም በርኖሱን አወለቀ።

የመንዝ ሰው በኅዳር ምሽት በርኖሱን ሲያወልቅ አይታይም። ያ በርኖስ ደግሞ ከራሱ በጎች ጸጉር የተሠራ፣ ለበዓልና ለሸንጎ ካልሆነ የማይወጣ፣ ያን ዕለት ለዋዜማው ብሎ የለበሰው ነበር። በአራት እንጨት ላይ ዘርግቶ እንደ ድንኳን አለበሳቸው።

«አንተስ? ብርዱ ሊገድልህ ነው?» አሉት እትዬ ጌጤ።

«እኔ ቤት አለኝ» አለና እየተንዘፈዘፈ ገባ።

ጠዋት በርኖሱ በውርጭ ደርቆ እንደ ሳንቃ ቆሞ ነበር። አባቴ ከአንድ ወገን፣ እትዬ ጌጤ ከሌላው ሆነው አነሡት። ከሥሩ ሊሊዎቹ ነጭ ሆነው፣ አንድ ቅጠል ሳይጎድላቸው ቆመዋል። እትዬ ጌጤ በቢላ እየቆረጡ ለአባቴ ያቀብሉታል፤ እሱም የበግ ግልገል እንደሚታቀፍ አድርጎ ይታቀፋል።

ያን ቀን አባቴ አበባ በጋቢው አልሸፈነም። ሜዳው ሁሉ ተጠብሶ ቡናማ በሆነበት ጠዋት ነጩን አበባ ከደረቱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ በመንገዱ መሐል መሐል ሄደ። እኛ ዳቦውን ይዘን ከኋላው ነበርን፤ እትዬ ጌጤ ከሁላችንም ኋላ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው አውርደው ይከተላሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ስንደርስ ሰው መንገድ ለቀቀልን። ያ ቀልደኛ ጎረቤታችን ቀረብ ብሎ አንዱን ቅጠል በጣቱ ነካ፣ ላስቲክ አለመሆኑን ሲያውቅ እጁን ሰበሰበ። ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ቆመው ያነጉት መሪጌታም አበባውን አይተው ተገረሙ።

«ይህን በዚህ ወራት ከየት አመጣኸው? ከአዲስ አበባ አስገዝተህ ነው?» አሉ።

አባቴ ዞሮ በሕዝቡ መካከል ፈለጋቸው። ሲያገኛቸው ክንዳቸውን ይዞ ወደ ፊት አወጣቸውና አበባውን ከእቅፉ ወደ እቅፋቸው አዛወረ።

«አልገዛሁም» አለ። «እህቴ ናት ያበቀለችው። አስገቢው፣ ያንቺ ነው።»

እትዬ ጌጤ ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገፋ አድርገው አበባውን ይዘው ገቡ። እኔ ከአባቴ ጎን ቆሜ ሳያቸው፣ ስለ ጫማው ማኩረፌ እንኳ ትዝ አላለኝም። ያ ሁሉ ሰው የሚያየው የእኛን አክስት ነበር፤ ኩራት በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሞቅ ያወቅሁት ያን ጠዋት ነው።

ዛሬ የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። ቀበሌያችን መብራት ገብቷል፣ ምድጃው ዙሪያ የሚቀመጥ ልጅም ስልክ ይዟል። እትዬ ጌጤ አርጅተው ቢያጎነብሱም መደባቸውን አልለቀቁም፤ ያ ሽንኩርት መሳይ ራስ በየዓመቱ እየተባዛ ከሰፈሩ ያልገባበት ቤት የለም፤ በኅዳር በዚያ የሚያልፍ ሰው በየግድግዳው ሥር ነጭ አበባ ያያል። የቁስቋሙን ተራ ደግሞ አሁን የሚፈልገው በዝቶ አባቴን ለዓመት ብቻ ልቀቅልን እያሉ ይለምኑታል። እሱ አይለቅም።

ከተረቶቻቸው ብዙው ጠፍቶብኛል። የቀረኝ ነገር ግን አለ። በአገራችን ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደሆነ ነው፤ መልሱም አባት፣ ከዚያ አያት ነው። ከቀየት በኩል የመጡ አዛውንት የምሠራበት ጽሕፈት ቤት ሲገቡና «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሉኝ እኔ አባቴን አላስቀድምም። «የጌጤ የወንድሟ ልጅ ነኝ» እላቸዋለሁ፣ እነሱም ተነሥተው እንደገና ሰላም ይሉኛል። አባቴ ይህን ሰምቶ ቅር ይለው እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር። «እኔንም የሚያውቁኝ በእሷ ነው» አለኝ።